ለጫጩት ቤት ሌሊቱን የሚነቃ ማብሪያ ማጥፊያ

የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው ጫጩት የራሱን ሙቀት ጠብቆ ማደር አይችልም። ላባ ገና አላበቀለም፤ ገላውን የሸፈነው ለስላሳ ጸጉር መሰል ነገር ከብርድ አያስጥለውም። እናቱ ካለች ክንፏ ሥር ይሸጎጣል። ከማስፈልፈያ ጣቢያ በካርቶን ተጭኖ የመጣ ከሆነ ግን እናቱ ከጣሪያው የተንጠለጠለው አምፖል ነው። አምፖሉ ደግሞ የእናት ዶሮን ያህል አያስተውልም። ቀን ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለውም ይበራል፤ ሌሊት ውርጭ ሲወርድም ያንኑ ያህል ብቻ ያሞቃል።

ጫጩት የሚያሳድግ ሁሉ የሚያውቀው ልክ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቱ በተኛበት ቦታ ያለው ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆን ይኖርበታል። ከዚያ በየሳምንቱ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ እየተቀነሰ በአምስተኛው ሳምንት ገደማ 21 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እንግዲህ ደብረ ብርሃንን የመሰለ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ እናስብ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ያው ቤት በቆርቆሮው ሥር ይግላል። በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ያህል ለሚወዛወዝ አየር አንድ ዓይነት ሙቀት የሚሰጥ አምፖል መፍትሔ አይሆንም።

የበረደው ጫጩት ወደ አንድ ጥግ ተሰብስቦ ይደራረባል። ከሥር ያሉት ይታፈናሉ። ጠዋት በሩን የከፈተው አርሶ አደር የሚያየው በሽታ የገደላቸው የሚመስሉ ጫጩቶችን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የገደላቸው ብርድና መደራረብ ነው። የሞቀው ጫጩት በአንጻሩ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ መኖ ይተዋል፣ ውኃ አጥቶ ይደክማል። ስለዚህ አሳዳጊው ሌሊት ሁለትና ሦስት ጊዜ እየተነሣ አምፖል ያወርዳል፣ ይሰቅላል፣ ያበራል፣ ያጠፋል። አራትና አምስት ሳምንት እንዲህ ማደር ቀላል አይደለም። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ያሸነፈው ሰው ደግሞ የወሩን ልፋት ያጣል።

ይህን የሌሊት ሥራ የሚረከብ መሣሪያ አለ። ውስብስብ አይደለም፤ ከውጭ በትልቅ ወጪ የሚመጣም አይደለም። ሙቀቱ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ ራሱ የሚያበራ፣ ልኩ ሲደርስ ራሱ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

በየቤቱ ያለ ዕውቀት

ነገሩ እንግዳ የሚመስለው አርሶ አደር የልብስ ካውያውን ያስታውስ። ካውያ ሲግል መብራቱ ጠፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይበራል። በውስጡ እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ሁለት ዓይነት ብረቶች አሉ። ሁለቱ በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ ሲግሉ ይቆለመማሉ፤ ሲቆለመሙ የኤሌክትሪኩን ግንኙነት ይቆርጣሉ። እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆን ሃሪሰን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሁለት ብረት ጥምረትን ለሰዓት ተጠቅሞበታል። ከዚያም በፊት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሆላንዳዊው ኮርኔሊስ ድሬበል ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር የእንቁላል ማስፈልፈያ ሠርቷል። ከዓለም የመጀመሪያዎቹ የሙቀት መቆጣጠሪያዎች አንዱ የተሠራው ለጫጩት መሆኑ ለዶሮ አርቢ የሚያስደስት ወሬ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የክፍል ሙቀት መቆጣጠሪያ በ1883 እ.ኤ.አ. በስሙ ያስመዘገበው ደግሞ አሜሪካዊው መምህር ዋረን ጆንሰን ነው። በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ክፍሉ ሲበርድም ሲሞቅም የማሞቂያው ሠራተኛ በየክፍሉ እየዞረ ማየት ነበረበት። የጆንሰን የመጀመሪያ መሣሪያ ማሞቂያውን ራሱ አልነካም፤ ምድር ቤት ላለው ሠራተኛ ደወል ይደውል ነበር። ይህችን ደወል ያዝ እናድርጋት፤ መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ከታች እንመለስባታለን።

ቴዎድሮስ አደባባይ

ዕቃው የት ይገኛል ለሚል አንባቢ አንዱ መልስ አዲስ አበባ፣ አራዳ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚወርደው የቸርችል ጎዳና ላይ፣ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ከቆመበት ቴዎድሮስ አደባባይ ዙሪያና ከፍ ብሎ በፒያሳ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ፣ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጡ ሰዎች ሲሠሩ ኖረዋል። ዋናው መድፍ አሁንም መቅደላ ላይ ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሲቀለጥ የውጭ አገር ባለሙያዎችና የአገሬው ሠራተኞች በአንድነት የደከሙበት ነበር። አምሳያው ሥር ቆሞ የሙቀት መለኪያ የሚገዛ የዶሮ አርቢ የአገር ውስጥ ሥራ ከጀመረ ሰነባብቷል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የፒያሳ ገጽታ ብዙ ተቀይሯል፤ ከቦታቸው የተነሡ ሱቆች አሉ። ስለዚህ የድሮ አድራሻ ይዞ ከክልል ለሚመጣ ሰው አስቀድሞ ደውሎ ማረጋገጥ ይበጃል። መርካቶም ተመሳሳይ ዕቃ አለ። በየዞኑ ከተማ ያለ የቴሌቪዥን ጠጋኝም ከዚህ በታች ከምንዘረዝራቸው አብዛኞቹን በሳጥኑ ውስጥ ያገኛቸዋል፤ ከተጣለ ቴሌቪዥንና ከተቃጠለ ስታቢላይዘር ሪሌይ፣ ዳዮድና ትራንዚስተር ነቅሎ የማይሠራ ጠጋኝ የለም።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የተዘጋጀ ሰሌዳ መግዛት፣ ሁለተኛው ከፍሬው መሥራት።

የተዘጋጀው ሰሌዳ

በሱቆች ደብልዩ 1209 በሚል መጠሪያ የሚታወቅ፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ ሰሌዳ አለ። ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት፣ ሦስት ቁልፎች፣ አንድ ሪሌይ እና ጫፉ በብረት የተሸፈነ የሙቀት መለኪያ ገመድ አለው። በ12 ቮልት ይሠራል። የድሮ የኢንተርኔት ራውተር አዳፕተር ወይም የሞተር ሳይክል ባትሪ ይበቃዋል፤ የሚወስደው ኃይል ሪሌዩ በርቶ እንኳ ከ100 ሚሊ አምፒር በታች ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የ12 ቮልቱ ሁለት ገመዶች ምልክታቸውን ጠብቀው ይታሰራሉ። ኬ 0 እና ኬ 1 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሁለቱ ቀዳዳዎች የማብሪያ ማጥፊያው ሁለት ጫፎች ናቸው፤ በራሳቸው ኤሌክትሪክ አይሰጡም፣ ግድግዳ ላይ እንዳለው ማብሪያ የሚመጣውን ያገናኛሉ ወይም ይቆርጣሉ። ወደ አምፖሉ የሚሄደው የፌዙ ገመድ ተቆርጦ በእነዚህ መካከል ያልፋል። ሌላኛው ገመድ ሳይነካ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል።

የሙቀቱን ልክ ለመሙላት የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጭኖ በመደመርና በመቀነስ ቁልፎቹ መቀየር ነው። ያንኑ ቁልፍ ለአምስት ሰከንድ ያህል ይዘው ከቆዩ ደግሞ ፒ 0 የሚል ይመጣል። እዚያ ላይ የእንግሊዝኛው ኤች ፊደል ከተመረጠ መሣሪያው ማሞቂያ ያዛል፤ ሲ ከተመረጠ ማቀዝቀዣ ወይም ማራገቢያ ያዛል። ለጫጩት ኤች ነው። ይህን ሳያዩ ያለፉ ሰዎች የሚገጥማቸው ነገር ግልጽ ነው፤ ሲበርድ ይጠፋል፣ ሲሞቅ ይበራል።

ፒ 1 ደግሞ በማብራትና በማጥፋት መካከል ያለው ርቀት ነው። ልኩ 33፣ ርቀቱ 1.5 ተብሎ ከተሞላ መሣሪያው 33 ዲግሪ ላይ ያጠፋል፤ ወደ 31.5 ሲወርድ ያበራል። ርቀቱ ለምን አስፈለገ ለሚል፣ ከሌለ ሪሌዩ በየጥቂት ሰከንዱ ጠቅ ጠቅ እያለ በአጭር ጊዜ ይበላሻል። ለጫጩት ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ጥሩ ነው። ለእንቁላል ማስፈልፈያ ግን ይህ ይበዛል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ከፍሬው ለሚሠራ

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሰልጣኝ ወይም ካውያና ስታኞ የያዘ ጠጋኝ ያለበት ወረዳ ይህን ራሱ መሥራት ይችላል። የሚያስፈልገው 10 ኪሎ ኦም የሆነ ቴርሚስተር፣ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ 10 ኪሎ ኦም ተዟዟሪ ሬዚስተር፣ ኤል ኤም 393 የሚባል ባለ ስምንት እግር አነጻጻሪ አይሲ፣ 2 ኤን 2222 ትራንዚስተር፣ 1 ኤን 4007 ዳዮድ፣ ባለ 5 ቮልት ሪሌይ፣ ሁለት የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና አንድ የ220 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው። ኃይል ከስልክ ቻርጀር ይመጣል።

ቴርሚስተር ሲሞቅ ተቃውሞው የሚቀንስ ፍሬ ነው። የተለመደው ዓይነት በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም ቢሆን በ32 ዲግሪ 7.4፣ በ35 ዲግሪ 6.5 ኪሎ ኦም ገደማ ይሆናል። ከላይ የ10 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር፣ ከታች ቴርሚስተሩን አድርገን 5 ቮልት ብንሰጣቸው በመካከላቸው የሚለካው ቮልት በ25 ዲግሪ 2.5፣ በ32 ዲግሪ 2.12፣ በ35 ዲግሪ 1.97 ነው። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ቮልቱ በ50 ሚሊ ቮልት ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ተራ ቴስተር ይህን አሳምሮ ያነባል።

ተዟዟሪው ሬዚስተር ከዚያው 5 ቮልት ላይ ሌላ ቮልት ይቆርጥልናል፤ ይህ የምንፈልገው ልክ ነው። አነጻጻሪው ሁለቱን ያስተያያል። የቴርሚስተሩ ቮልት ወደ መደመር መግቢያው፣ የልኩ ቮልት ወደ መቀነስ መግቢያው ይገባል። ብርድ ሲሆን የቴርሚስተሩ ቮልት ስለሚበልጥ መውጫው ከፍ ይላል፣ ትራንዚስተሩ ይከፈታል፣ ሪሌዩ ይስባል፣ አምፖሉ ይበራል። የኤል ኤም 393 መውጫ ወደ ታች መሳብ እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችልም። ስለዚህ አንዱ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከመውጫው ወደ 5 ቮልት ይታሰራል፤ ሌላኛው ከመውጫው ወደ ትራንዚስተሩ ቤዝ ይሄዳል። ይህን የረሳ ሰው ፍሬው ተበላሽቷል ብሎ ሦስት ጊዜ ይቀይራል።

የ220 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር ከመውጫው ወደ መደመር መግቢያው ይመለሳል። ከላይ ርቀት ያልነው በእሱ ይፈጠራል፤ በዚህ አሠራር አንድ ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። በ150 ኪሎ ኦም ቢተካ ወደ አንድ ተኩል ይሰፋል። ዳዮዱ በሪሌዩ ጥቅል ላይ በተቃራኒ ይታሰራል፤ ጥቅሉ ሲቋረጥ የሚወረውረው ኃይል ትራንዚስተሩን እንዳያቃጥለው ይከላከላል።

የዚህ አሠራር አንድ መልካም ጎን የቻርጀሩ ቮልት ልክ 5 ባይሆንም ብዙ አለመጎዳቱ ነው። 4.8 ቢሆን ሁለቱም ቮልቶች አብረው ይወርዳሉና ንጽጽሩ አይዛባም። አርዱይኖ የሚባለውን ትንሽ ኮምፒውተር የለመዱ ወጣቶች በዲጂታል መለኪያ የተሻለ ነገር ሊሠሩ ይችላሉ፤ መረጃ መመዝገብ ለሚፈልግ የምርምር ጣቢያ ይህ ይመረጣል። ለአንድ ጫጩት ቤት ግን ጠጋኙ በቴስተር ፈትሾ የሚያድነው ነገር ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

ውኃ በመቶ ዲግሪ የማይፈላበት አገር

መለኪያው እውነቱን እየተናገረ መሆኑን ሳያረጋግጡ ጫጩት ማስገባት ዕውር መሪ መከተል ነው። የመማሪያ መጽሐፍ የሚነግረን በሚቀልጥ በረዶና በሚፈላ ውኃ ማረጋገጥን ነው። በረዶው ትክክል ነው፤ የተሰባበረ በረዶ ጥቂት ውኃ ተጨምሮበት ሲማሰል ዜሮ ዲግሪ ነው። የፈላው ውኃ ግን በእኛ አገር ያሳስታል። ውኃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ላይ 92፣ ባሕር ዳር 94፣ ደብረ ብርሃን ከ90 ብዙም ሳያልፍ ይፈላል። መሣሪያው 92 ብሎ ሲያሳይ ተበላሽቷል ብሎ 8 ዲግሪ የጨመረበት ሰው ጫጩቶቹን ያበርዳል፤ መሣሪያው 33 ሲል እውነተኛው 25 ይሆናልና።

ቀላሉና የተሻለው መንገድ ከምንፈልገው ልክ አጠገብ ማረጋገጥ ነው። ለብ ያለ ውኃ በቴርሞስ ወይም በወፍራም ማሰሮ አድርጎ፣ ጤና ጣቢያ የሚጠቀሙበትን ዓይነት የትኩሳት መለኪያ ከመሣሪያው ገመድ ጎን ለጎን መንከር ነው። በ36 እና በ38 መካከል ሁለቱ ካልተስማሙ ልዩነቱ ይታወቃል። በተዘጋጀው ሰሌዳ ላይ ፒ 4 የሚለው ቦታ ይህን ልዩነት ለማረም ነው።

የመለኪያው አቀማመጥም እንደ ትክክለኛነቱ ሁሉ ወሳኝ ነው። ጫፉ በጫጩት ጀርባ ከፍታ፣ ከጉዝጓዙ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ፣ ከአምፖሉ በቀጥታ ሥር ሳይሆን ወደ ሙቀቱ ክበብ ዳር መሆን አለበት። አምፖሉ ጨረሩን በቀጥታ ካሳረፈበት ቤቱ ሳይሞቅ ሞቀ ይላል። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ደግሞ የግድግዳውን ብርድ ይናገራል። የመጨረሻው ዳኛ ጫጩቱ ራሱ ነው። ከአምፖሉ ሥር ከተከማቸ በርዶታል፤ ወደ ዳር ከሸሸ ሞቆታል፤ ተበታትኖ ከበላና ከተኛ ልኩ ተገኝቷል። መስኮቱ ላይ ያለው ቁጥርና የጫጩቱ ሁኔታ ካልተስማሙ ጫጩቱን ይመኑ።

220 ቮልት ቀልድ አያውቅም

እስከ ሪሌዩ ድረስ ያለው ነገር በ5 ወይም በ12 ቮልት የሚሠራ ነው፤ ሰው አይገድልም። ከሪሌዩ በኋላ ያለው ግን የመንግሥት መስመር ነው። ይህን ክፍል ማሰር ያለበት ሙያው ያለው ሰው ነው። ብሬከሩ ሳይወርድ ካቻቢቴ ማንሳት አይፈቀድም። ሰሌዳው የዶሮ ቤት አቧራና እርጥበት እንዳያገኘው በማይቀጣጠል ዕቃ በተሠራ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠበቅ። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ በዶሮ ቤት ብዙ አይቆይም።

ትናንሽ ሪሌዮች ጀርባቸው ላይ 10 አምፒር ይላሉ። የተለመደው ቀይ የሙቀት አምፖል 250 ዋት ሲሆን በ220 ቮልት የሚስበው 1.1 አምፒር ያህል ነው፤ በቂ ትርፍ አለው። 2 ሺህ ዋት ምድጃ ግን ከ9 አምፒር በላይ ይስባልና አይታሰርበትም። አምፖል ቀዝቅዞ ሲበራ ለአንድ አፍታ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ ትርፍ የሌለው ሪሌይ ብረቱ ተጣብቆ ይቀራል። ተጣብቆ የቀረ ሪሌይ አምፖሉን አያጠፋም፤ ከሥሩ ደግሞ ጭድና የእንጨት ፍቅፋቂ አለ።

ሌላም አደጋ አለ። ከላይ በገለጽነው በእጅ የሚሠራ አሠራር የቴርሚስተሩ ገመድ ከተበጠሰ መሣሪያው ኃይለኛ ብርድ የመጣ ይመስለዋል፤ አምፖሉንም ሳያጠፋ ያድራል። አይጥ ገመድ ትበላለች፣ ዶሮም ትጎትታለች። ስለዚህ ሁለተኛ ጠባቂ ያስፈልጋል። ኬ ኤስ ዲ 301 በሚል የሚሸጥ፣ እንደ ካውያው በሁለት ብረት የሚሠራ የአዝራር ቅርጽ ያለው ቆራጭ አለ። ሲሞቅ የሚቆርጠው ዓይነት፣ 45 ዲግሪ የተጻፈበት ተመርጦ በአምፖሉ ፌዝ ላይ በተከታታይ ከታሰረና አየሩ በሚሞቅበት ከፍታ ከተቀመጠ፣ ዋናው መሣሪያ ቢስት እንኳ መስመሩን ይቆርጣል። አምፖሉ ራሱ ደግሞ በገመዱ ሳይሆን በሰንሰለት ይሰቀል።

መብራት ሲጠፋስ?

ይህን ጥያቄ የሚያነሣ አንባቢ ብዙ እንደሚሆን እናውቃለን። መልሱን ከሒሳብ እንጀምር። 250 ዋት አምፖል ሳያቋርጥ ሲበራ በቀን 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። መቆጣጠሪያው ቀን ቀን እያጠፋ ጊዜውን በግማሽ ቢቀንሰው 3 ይሆናል። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ትልቅ የፀሐይ ኃይል ባትሪ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቢጨመቅ እንኳ የሚሰጠው 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ባትሪው አንድ አምፖል ለአምስት ሰዓት እንኳ አያበራም። በፀሐይ ኃይል ጫጩት እናሞቃለን ብለው ዕቅድ የሚያዘጋጁ ማኅበራት ይህን ስሌት ሳይሠሩ ባትሪ ባይገዙ መልካም ነው።

ባትሪ የሚችለው ሌላ ነገር ነው፤ ደወል። ሁለተኛ ሰሌዳ በ12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ትንሽ ባትሪ ላይ ይታሰር። ልኩ ከመጀመሪያው ሰሌዳ ዝቅ ተደርጎ ይሞላ፤ የመጀመሪያው 31.5 ላይ የሚያበራ ከሆነ ይህኛው 29 ላይ እንዲነሣ ይደረግ። በኬ 0 እና በኬ 1 መካከል ከአምፖል ይልቅ የ12 ቮልት ጩኸት ማሰሚያ ይግባ፤ ገመዱ ረዝሞ ባለቤቱ እስከሚተኛበት ክፍል ይዘርጋ። መብራት ጠፍቶም ይሁን አምፖል ተቃጥሎ ጫጩት ቤቱ ሲበርድ ደወሉ ይጮኻል። ባትሪው ሳይሞላ ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ከ220 ቮልት ጋር የሚያገናኘው ነገር ስለሌለ ማንም ሊያስረው ይችላል። መምህር ጆንሰን ለትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ያደረገው ይህንኑ ነው። በእኔ ግምት ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱን ብቻ መግዛት ለሚችል ገበሬ ደወሉ ይቅደም።

ደወሉ ቀሰቀሰ፤ ከዚያስ? ከሰል ማንደድ የተለመደ ነው። ነገር ግን በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል የማይታይና የማይሸት መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ጫጩቱንም አብሮት ያደረውንም ሰው ይገድላል። ከሰል ከሆነ ውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ ያለቀለት፣ አየር መውጫ ባለበት ቤት፣ በቆርቆሮ የተከለለ መሆን አለበት፤ ሰውም እዚያ አይተኛም።

ከዚህ የተሻለው የሳር ሳጥን ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሰለሞን ደመቀ ለገጠር ዶሮ አርቢ ተስማሚ መሆኑን ያጠኑት ይህ ሳጥን ዙሪያው በድርቆሽ የታጨቀ ነው። አምፖል አይፈልግም፤ ጫጩቶቹ የራሳቸው ገላ የሚያወጣውን ሙቀት ድርቆሹ እንዳይወጣ ይይዝላቸዋል። መብራት ላልደረሰበት ቀበሌ ዋናው መፍትሔ እሱ ነው። መብራት ላለበት ደግሞ መጠባበቂያ ይሆናል፤ ደወሉ ሲጮኽ ጫጩቶቹን ወደ ሳጥኑ መክተት ነው። የሰሌዳውን የመለኪያ ጫፍ ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ክዳን ሳይከፍቱ ሙቀቱን ማንበብም ይቻላል። አየር ማስገቢያው ግን እንዳይደፈን።

ስለ ማስፈልፈያ በአጭሩ

በየከተማው ወጣቶች ከአሮጌ ፍሪጅ ቀፎ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሲሠሩ እናያለን። ያው ማብሪያ ማጥፊያ ያገለግላል፣ ልኩ ግን ሌላ ነው። የዶሮ እንቁላል አየር በማራገቢያ በሚዞርበት ሳጥን 37.5 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ለ21 ቀናት። እስከ 18ኛው ቀን ይገለበጣል፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት አይነካም፣ እርጥበቱም ከፍ ይደረጋል። በማብራትና በማጥፋት መካከል ያለው ርቀት ከ0.2 እስከ 0.3 ዲግሪ መጥበብ አለበት። ከብርድ ይልቅ ሙቀት የከፋ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ የቀዘቀዘ እንቁላል ሊተርፍ ይችላል፣ ከ39 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት የቆየ ግን ይበላሻል። ስለዚህ ሁለተኛው ቆራጭ እዚህም አይቀርም፤ የ45 ዲግሪው ግን ለእንቁላል ዘግይቶ የሚደርስ ስለሆነ 39 ላይ የተሞላ ሁለተኛ ሰሌዳ በተከታታይ ማሰር ይመረጣል።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ጫጩት ማሰራጨት የየወረዳው ግብርናና እንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ዋና ሥራ ሆኗል። ሪፖርት ላይ የሚጻፈው የተሰራጨው ቁጥር ነው። በአምስተኛው ሳምንት በሕይወት ያለው ቁጥር በሌላ ዓምድ ቢጠየቅ የት ሙቀት እንደጎደለ ያን ጊዜ ይታይ ነበር።

መሣሪያውን ለማዳረስ አዲስ በጀት መጠበቅ ግድ አይደለም። የወረዳው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ ሰልጣኞች ለተግባር ትምህርታቸው የሚሠሩት ነገር ይፈልጋሉ። የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከላት ማሳያ ይፈልጋሉ። አንድ ሰሌዳ በማዕከሉ ጫጩት ቤት ተሰቅሎ አንድ ዙር ቢያሳድግ፣ ገበሬው ቁጥሩን በዓይኑ አይቶ ይጠይቃል። የልማት ሠራተኛውም ጫጩት ከማስረከቡ በፊት ቤቱን የሚፈትሽበት መለኪያ በእጁ ይኖረዋል።

ፍተሻው ረጅም አይደለም። ጫጩት ከመምጣቱ ሁለት ቀን በፊት ጉዝጓዙ ይነጠፍ፣ አምፖሉ ይሰቀል፣ መሣሪያው ይብራ፤ ባዶው ቤት ሌሊቱን ይሙቅ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ብርዱ በሚበረታበት ጊዜ፣ አንድ ሰው ገብቶ ቁጥሩን ያንብብ። አምፖሉ ሳያቋርጥ እየበራም ሙቀቱ 32 ካልደረሰ መሣሪያው ጥፋት የለበትም፤ አምፖሉ አንሷል ወይም ቤቱ ክፍተት አለው። ያን ጊዜ ሌላ አምፖል በራሱ ሪሌይ ይጨመር፣ ግድግዳው በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈን፣ ጫጩቶቹ የሚውሉበት ክበብ በካርቶን ይጥበብ። ከዚያ የደወሉ ሰሌዳ የመለኪያ ጫፍ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነከር፤ የመኝታ ክፍሉ ደወል ከጮኸ፣ ካርቶኖቹ ከመኪና ሊወርዱ ይችላሉ።